በከሰል ውስጥ የተሰወረው ጭቃ

ሮሽ ሃዓይን የሚለው የዕብራይስጥ ስም ወደ ግእዝ ቢመለስ «ርእሰ ዐይን» ይሆናል፤ ይኸውም የምንጭ ራስ ማለት ነው። የያርኮን ወንዝ ከዚህች ከተማ አጠገብ ካሉት ምንጮች ፈልቆ፣ በፔታህ ቲክቫ ሜዳ ላይ እየተጥመለመለ፣ በቴል አቪቭ በኩል ወደ ታላቁ ባሕር ስለሚወርድ፣ ስሟ የሚገባት ስም ነው። ነገር ግን ዛሬ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ከውኃው ይልቅ ድንጋዩን፣ ከድንጋዩም ይልቅ አርማታውን ያያል፤ ትናንት እሾህና የወይራ ዛፍ ብቻ በነበረበት ቦታ ላይ ረጃጅም ቤቶች ተሰልፈው ቆመዋልና፤ የአርማታ መኪናዎችም ሆዳቸውን እያዞሩ ዳገቱን ሲወጡ ይውላሉ። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች እንደነዚህ ባሉ ቤቶች ውስጥ እንኖራለን፤ ከመካከላችንም ግድግዳቸውን በጉልበቱ ያቆመ ብዙ ነው፤ ሆኖም በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለው ግራጫ ዱቄት ከየት እንደ መጣና በምን ዓይነት እሳት ውስጥ እንዳለፈ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የዚያ ዱቄት አንዱ ክፍል የድንጋይ ከሰል አመድ ነው። አመድ ሲባል ከቤታችን ምድጃ የሚዛቀውን የእንጨት አመድ ማሰብ አይገባም፤ የእንጨት አመድ ዛፉ ከምድር የሳበው ጨው ሲሆን፣ የድንጋይ ከሰል አመድ ግን አብዛኛው ጭቃ ነው፤ ከከሰሉ ጋር አብሮ የተቀበረ፣ በኃይል ማመንጫ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ባሕርዩን የለወጠ ጭቃ። ታሪኩ በተለያየ መጽሐፍ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል፤ አንዱ የሥነ ምድር ሊቅ፣ ሌላው የሲሚንቶ ባለሙያ፣ ሦስተኛው የባሕር ተመራማሪ የየራሱን ቁራጭ ይነግረናል። እኔ ቁራጮቹን ከዚህች ከተማ ሆኜ በዘመን ቅደም ተከተል ልሰካቸው አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዘመነ ሰብእ በፊት

እስራኤል የራስዋ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ባለፉት አርባ ዓመታት ያነደደችውን ሁሉ በመርከብ ያመጣችው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከአውስትራሊያና ከሩሲያ ነው። የደቡብ አፍሪካው ከሰል የተፀነሰው ከሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ አፍሪካና ሕንድ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አሜሪካ ገና አንድ ምድር ሳሉ ነው። በዚያ ዘመን ሰፋፊ ረግረጎች ነበሩ፤ ቅጠሉና ግንዱ በረጋው ውኃ ውስጥ እየወደቀ፣ አየር ስለማያገኝ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ይከማች ነበር። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ደለሉን እያመጣ በዚያው ላይ ያፈሰው ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕፀዋቱና ጭቃው በአንድ መቃብር ተቀበሩ፤ የላይኛው ምድር ክብደትና የታችኛው ምድር ሙቀት ዕፁን ወደ ከሰል ሲለውጠው፣ ጭቃው በከሰሉ ውስጥ እንደ ቀጭን መስመርና እንደ ረቂቅ ነጠብጣብ ተሰውሮ ቀረ።

ይህ ጭቃ አንድ ዓይነት አይደለም። ዋነኛው በቻይና ለሸክላ ሥራ በታወቀው በጋኦሊን ኮረብታ ስም ካኦሊናይት የሚባለው ነጭ ጭቃ ነው፤ ሲሊካና አሉሚና እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተነባብረው የሠሩት ሲሆን፣ ከክብደቱ 14 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃ ስል ግን በእጅ ሲጨመቅ የሚወጣው እርጥበት ማለቴ አይደለም፤ በአካሉ ውስጥ ተሠርቶ የገባ፣ በፀሐይ ቢሰጣ ዓመት ሙሉ የማይወጣ ውኃ ነው። ሁለተኛው ኢላይት ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል ፖታስየም የያዘ ስለሆነ በእሳት ፊት ጠባዩ ከካኦሊናይት ይለያል። ሦስተኛው ሞንትሞሪሎናይት የተባለው፣ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጭቃ ነው፤ በሀገራችን ወይና ደጋ ላይ በበጋ ወራት የሚፈነዳውን ጥቁር መረሬ አፈር ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው ወይም በ11ኛው መቶ ዓመት

ጭቃ በእሳት እንደሚለወጥ የሰው ልጅ ካወቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ለዚህም ምስክር የሚሆን አንድ ቁራጭ ገል ከሮሽ ሃዓይን ደጃፍ ተገኝቶአል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው ፍልስጥኤማውያን በአፌቅ፣ እስራኤል በአቤንኤዘር ሰፍረው በተዋጉ ጊዜ ታቦተ ጽዮን ተማርካለች፤ ያ አፌቅ ዛሬ በምንጮቹ ራስ ላይ ያለው ጉብታ ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት አቤንኤዘር ነው የሚሉት የፈረሰ መንደርም ከእርሱ በስተምሥራቅ በአሁኑ የከተማይቱ ኮረብታ ላይ ይገኛል። በ1976 ቆፋሪዎች ከዚያ መንደር አንድ የማድጋ ስባሪ አወጡ፤ በላዩ ላይ አምስት መስመር ፊደል ተጭሮበታል፤ የመጨረሻው መስመር የአሌፍ ቤት ተራ ነው፤ የተማሪ መለማመጃ ሳይሆን አልቀረም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ፊደሉ ብቻ አይደለም። ያ ማድጋ ሳይተኮስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ክረምት ዝናም ቀልጦ ወደ አፈርነቱ ይመለስ ነበር። ሦስት ሺህ ክረምት የዘነበበት ገል ግን ፊደሉን እንደ ያዘ ቀረ። በእሳቱ ውስጥ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ሙቀቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያ በአካሉ የተሠራው ውኃ ከጭቃው ለቅቆ ይሄዳል፤ ቅጠሎቹ ሥርዓታቸው ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ቢፈስበት ጭቃ መሆንን ረስቶአል። በሸክላ ሠሪዋ ጉድጓድ የተፈጸመውና ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ በኃይል ማመንጫ ምድጃ የሚፈጸመው ለውጥ የመጀመሪያ እርምጃው አንድ ነው።

በዚህች ምድር ኋላ የመጡት ሰዎች ደግሞ ሁለተኛ ምሥጢር ጨመሩ። ዝናም የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ሲለስኑ ኖራውን ብቻውን ሳይሆን ከተፈጨ ገል ጋር እየለወሱ ይመርጉት ጀመር፤ ብቻውን ያለ ኖራ ውኃ ሲበላው፣ ገል ያለበት ኖራ ውኃን ከለከለ። የተተኮሰ ጭቃና ኖራ በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ድንጋይ የሚጠነክሩ መሆናቸውን ያወቁት በልማድ ነው፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው አልነበረም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 22–10፤ ሄሮድስና የፑቲዮሉስ አመድ

ንጉሥ ሄሮድስ ይህንን ልማድ ወደ ታላቅ ሥራ አሳደገው። ጭካኔው በወንጌል የታወቀ ነው፤ ግንበኛነቱን ግን ጠላቶቹም አይክዱትም። በምንጮቹ ራስ፣ በጥንቱ አፌቅ ላይ ከተማ ሠርቶ በአባቱ ስም አንቲጳጥሪስ አላት፤ ከእርስዋ በስተሰሜን በባሕሩ ዳር ደግሞ ቂሣርያን አቆመ። ቂሣርያ የተፈጥሮ ወደብ ስለሌላት፣ በግልጥ ባሕር ውስጥ የሚቆም ግንብ መሥራት አስፈለገ፤ ተራ ኖራ ደግሞ በባሕር ውስጥ አይጠነክርም። ስለዚህ ከኢጣልያ፣ በቬሱቪዮስ ተራራ አካባቢ ካለው ከፑቲዮሉስ ወደብ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ በመርከብ ተጭኖ መጣ፤ ከኖራና ከድንጋይ ስባሪ ጋር ተለውሶ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ወደ ባሕሩ ሲወርድ በውኃው ውስጥ ሳለ ጠነከረ። በዘመናችን ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል ላይ ግንቡን በስተው ናሙና ባወጡ ጊዜ አመዱ ከዚያው ከኢጣልያ የመጣ መሆኑን አረጋግጠዋል።

የእሳተ ገሞራው አመድ ይህን ያህል ኀይል ያገኘበትን ምክንያት ዛሬ እናውቃለን። ተራራው ሲፈነዳ የቀለጠው ድንጋይ ወደ አየር ተረጭቶ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አካሉ በሥርዓት ተሰልፎ ክሪስታል ለመሆን ጊዜ ስለማያገኝ እንደ መስተዋት ሆኖ ይደርቃል። መስተዋት ያልረጋ ነገር ነው፤ ኖራ ያለበት ውኃ ሲነካው ቀስ እያለ ይሟሟና ከኖራው ጋር አዲስ አካል ይሠራል። ይህንን ነጥብ አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ የታሪኩ ማጠፊያ እርሱ ነውና።

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላል። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ከኢየሩሳሌም ሲወሰድ ወታደሮቹ በሌሊት ያደረሱት ወደ አንቲጳጥሪስ ነው፤ ከዚያ ወደ ቂሣርያ ተወሰደ፤ በመጨረሻም ወደ ሮሜ ሲሄድ መርከቡ ያረፈው በፑቲዮሉስ ነው። የቂሣርያን ወደብ የሠራው አመድ ከፑቲዮሉስ ሲመጣ በሄደበት ባሕር ላይ ሐዋርያው ወደ ፑቲዮሉስ ተጓዘ።

ከ1636 ወዲህ፤ ጎንደርና ወለቃ

በሀገራችንም አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ በኖራ የተገነቡ ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያዋ በዙ። በግንቡ ሥራ ላይ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደ ተሳተፉ ከአባቶቻችን ሲነገር የመጣ ነው። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ መሬት ላጣ ሕዝብ እንጀራ ያወጡለት በእሳት ነው፤ ስለዚሁ ስለ እሳት ሥራቸውም «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል፤ ያው ሰዳቢ ግን ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛ፣ ወጡንም በእነርሱ ድስት ይሠራ ነበር። ይህ ስድብ በብዙ ሰው ልብ ላይ ያስቀረው ቁስል ዛሬም አልሻረም።

ከጎንደር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ይደረግ የነበረውን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ሴትዮዋ ጭቃውን ራስዋ መርጣ ትቆፍራለች፤ ድንጋዩንና ሥሩን ለቅማ ታርሰዋለች፤ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ አሮጌ ገል ትቀላቅልበታለች። መንኰራኵር የላትም፤ በእጅዋ እየጠቀለለች እየደራረበች ታሳድገዋለች፤ ጥላ ቦታ ላይ ቀናት ታደርቀዋለች፤ በለሰለሰ ጠጠር ታለሰልሰዋለች። ከዚያ በኋላ እንጨትና ኩበት ከምራ፣ ዕቃውን በመካከል አድርጋ ትተኩሰዋለች። እሳቱ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ይደርሳል እንጂ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ጀበናውን ጥቁር ልታደርገው ስትፈልግ ገና ፍም ሳለ በገለባ ወይም በኩበት አፍና አየር ትነሣዋለች። ሲበርድ በጣትዋ አንኳኵታ ድምፁን ትሰማለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርሶአል። ቴርሞሜትር አልነበራትም፤ የሙቀቱን ልክ በፍሙ መልክ ታውቀው ነበር።

1887–1959፤ የሊቃውንት ዘመን

ይህ የእጅ ዕውቀት ወደ ቍጥር መለወጥ የጀመረው በ1887 ነው። አንሪ ለ ሻትልዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ልዩ ልዩ ጭቃ በምድጃ ውስጥ እያሞቀ ሙቀቱ የሚዘገይበትንና በድንገት የሚዘልልበትን ነጥብ መዘገበ፤ በዚያም ውኃው የሚለቅበት ነጥብ አንድ፣ በኋላ ከፍ ባለ ሙቀት ጭቃው ራሱ ሙቀት የሚተፋበት ነጥብ ሌላ መሆኑን አሳየ። ነገር ግን በነዚህ ነጥቦች ላይ በውስጡ የሚሆነው ለዓይን የተሰወረ ነበር። መጋረጃው የተገለጠው ከ1912 በኋላ፣ የኤክስ ጨረር የክሪስታልን ውስጣዊ ሥርዓት ማሳየት ሲችል ነው።

በ1924 ቦወንና ግሬግ የተባሉት ሊቃውንት ከባልደረባቸው ጋር፣ ጭቃ በብርቱ እሳት ሲጋገር የሚወልደውን አንድ ክሪስታል ለዩ፤ በተፈጥሮ የተገኘው በስኮትላንድ ባለችው በመል ደሴት፣ የቀለጠ ድንጋይ በጋገረው ጭቃ ውስጥ ስለሆነ «ሙላይት» ብለው ሰየሙት። እንደ መርፌ የቀጠነ፣ በአሉሚና የበለጸገ፣ ሙቀትንና አሲድን የሚችል ክሪስታል ነው። በ1959 ብሪንድሊና ናካሂራ ከካኦሊናይት እስከ ሙላይት ያለውን ጉዞ እርምጃ በእርምጃ ጻፉት፦ መጀመሪያ ውኃው የወጣለት ሥርዓተ ቢስ አካል፤ 980 ዲግሪ አካባቢ ረቂቅ ክሪስታል የሚጸነስበት ዝላይ፤ ከ1,100 በላይ ሙላይት እየጎለመሰ፣ የተረፈው ሲሊካ ለብቻው እየተለየ የሚሄድበት መጨረሻ።

ሊቃውንቱ በትንሽ ምድጃ ሲመራመሩ መሐንዲሶቹ ምድጃውን ራሱን ለውጠውት ነበር። ቀድሞ ከሰል በፍርግርግ ላይ እንደ ቋጥኝ ተከምሮ ይነድ ነበር፤ ከ1918 ጀምሮ ግን በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ከሰሉን እንደ ዱቄት ፈጭቶ ከአየር ጋር ወደ ምድጃው መንፋት ተሞከረና ተሳካ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ታላላቅ ማመንጫዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ተከተሉ። ይህ ለውጥ ለከሰሉ የፍጥነት ነገር ነበር፤ ለጭቃው ግን አዲስ ፍጥረት ነው። በፍርግርግ ላይ ይቀር የነበረው አመድ አሁን ከጭሱ ጋር የሚበርር ሆነ፤ ስለዚህም በራሪ አመድ ተባለ። በ1937 ሬይመንድ ዴቪስና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ይህ አመድ ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ የሮማውያንን የእሳተ ገሞራ አመድ ሥራ እንደሚሠራ አሳዩ፤ ከ1948 እስከ 1953 በሞንታና የተገነባው የሀንግሪ ሆርስ ግድብም ከመቶ ሺህ ቶን በላይ በራሪ አመድ ተጠቀመ።

1973–1988፤ የሐዴራ ምድጃ

እስራኤል እስከ 1970ዎቹ ድረስ ኤሌክትሪኳን የምታመነጨው ከሞላ ጎደል በነዳጅ ዘይት ነበር። የ1973ቱ ጦርነትና እርሱን ተከትሎ የመጣው የነዳጅ ዋጋ ንረት ይህን መንገድ አስፈሪ አደረገው፤ ከሰል ግን ከብዙ ሀገር ሊገዛ ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት በሐዴራ የባሕር ዳር፣ ከቂሣርያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያው የከሰል ማመንጫ ተተከለ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሥራ ጀመረ። ከሰሉን የሚያራግፈው መሰላል መሳይ ድልድይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ይገባል፤ ከጭስ ማውጫዎቹም አንዱ 300 ሜትር ቁመት አለው። ማመንጫው ኋላ በ1995 በተገደሉት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም «ኦሮት ራቢን» ተብሎአል፤ ይኸውም የራቢን ብርሃናት ማለት ነው። ሁለተኛው በአሽቀሎን ተሠርቶ ከ1990 ወዲህ ሥራ ሲጀምር፣ የሀገሪቱን ኤሌክትሪክ በመሠረቱት በፒንሐስ ሩተንበርግ ስም ተሰየመ።

አሁን ወደ ምድጃው እንግባና አንዲትን የጭቃ ቅንጣት እንከተል። ከሰሉ በወፍጮ ሲፈጭ ከጤፍ ዱቄት እጅግ የላመ ይሆናል፤ ቅንጣቲቱ በከሰል ተከብባ በትኩስ አየር ተነፍታ ወደ እሳቱ ትገባለች፤ እሳቱም 1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ሸክላ ሠሪዋ በሰዓታት የምታደርሰው ውኃ የማስለቀቅ ሥራ እዚህ የሴኮንድ ቅንጣት ብቻ ይፈጃል። ከሰሉ በዙሪያዋ ነድዶ ሲያልቅ እርቃንዋን ትቀራለች። ካኦሊናይት ከሆነች በቀላሉ አትቀልጥም፤ የሙላይት መርፌዎች በውስጥዋ ይበቅላሉ፤ የተረፈው ሲሊካ በዙሪያቸው ይለሰልሳል። ኢላይት ከሆነች ግን በቅጠሎቿ መካከል የያዘችው ፖታስየም እንደ ማቅለጫ ሆኖ ፈጥኖ ያቀልጣታል። ከከሰሉ ጋር የነበረ ብረትና ካልሲየም ከተገናኛትም መቅለጡ ይብሳል፤ እንዲህ ያለው ቅላጭ በምድጃው ግድግዳና በእንፋሎት ቱቦዎች ላይ ተለጥፎ እንደ ድንጋይ ሲጋገር፣ ለሠራተኞቹ ትልቅ መከራ ነው።

የቀለጠችው ቅንጣት እንደ ዝናም ጠብታ ራስዋን ሰብስባ ድቡልቡል ትሆናለች። በውስጥዋ አየር ከታፈነ እንደ ፊኛ ትነፋለች፤ እንዲህ ያሉት ባዶ ሆድ ቅንጣቶች በውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ የጭሱ ጎርፍ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲያስገባት በድንገት ትደርቃለች፤ ለመሰለፍ ጊዜ አላገኘችምና መስተዋት ሆና ትቀራለች። ስለዚህ በራሪ አመድ ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰው ብዙውን ጊዜ መስተዋት ሲሆን፣ ሙላይትና ያልቀለጠ አሸዋ በመካከሉ ይገኛሉ። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ማጥመጃ ቅንጣቶቹን ከጭሱ ይለያቸዋል። ዱቄቱን በጣትና በጣት መካከል ያሸ ሰው እንደ ሐር የሚንሸራተት ሆኖ ያገኘዋል፤ በማጉያ መሣሪያ ቢያየው ደግሞ ያ ሁሉ ግራጫ ብናኝ ረቂቅ የመስተዋት ዶቃ ነው። አባቶቻችን ፍጥረት የቆመበት ነው የሚሉት አራቱ ባሕርያት፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ በዚያ ምድጃ ውስጥ በጥቂት ሴኮንዶች እርስ በርሳቸው ይለያዩና ይገናኛሉ።

ይሁን እንጂ አመዱ እንዲህ ያለ ጸጋ ቢኖረውም በመጀመሪያ የታየው እንደ ጥራጊ ነው። በራምላ ያለው የኔሸር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከአመዱ ብዙውን ተቀበለ፤ ከፊሉን ክሊንከር የተባለው የሲሚንቶ መነሻ በሚጋገርበት ምድጃ በጭቃ ፋንታ፣ ከፊሉን ከሲሚንቶው ጋር እየፈጨ አዋለው። ሁለቱ አገልግሎቶች አንድ አይደሉም፦ በመጀመሪያው አመዱ እንደገና ይቀልጣል፤ የተቀበለው የመስተዋትነት ጸጋ ይጠፋል፤ በሁለተኛው ብቻ ነው ጸጋው የሚሠራው። እንደ እኔ አስተያየት የመጀመሪያው አጠቃቀም ብክነት ነበር፤ ከመጣል ግን ይሻላል።

1988–1999፤ አመዱ ወደ ባሕር

የሐዴራ ማመንጫ ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ገዢ ያላገኘው አመድ በዛ፤ መሬቱ ደግሞ ጠባብ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ለሚያህል ጊዜ ትርፉ አመድ በመርከብ እየተጫነ ከባሕሩ ዳር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 1,400 ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ወለል ይጣል ነበር። የባሕር ተመራማሪዎች ወለሉን በመረመሩ ጊዜ አመዱ በወፈረበት ስፍራ ሕያዋን ፍጥረታት መመናመናቸውን አገኙ። ሄሮድስ ከባሕር ማዶ አመድ እየገዛ ግንብ ያቆመባት ያች የባሕር ዳር፣ በሁለት ሺህ ዓመትዋ የዚያኑ ዓይነት አመድ ወደ ባሕር ስትጥል ማየት ልብን ያሳዝናል።

በነዚሁ ዓመታት ነው ወገኖቻችን ወደዚህ ምድር የደረሱት። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በረሃ በኩል፣ ስንቶችን በመንገድ ቀብረው የመጡት አሉ፤ ቀጥሎም በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን የተጓዙት ከ14,000 በላይ ነፍሳት አሉ። ከነርሱ መካከል ከወለቃ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ የቤታቸው መብራት ከሐዴራ ምድጃ ሲመጣላቸው፣ በዚያ ምድጃ ውስጥ የሚሆነውን ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቀው ጥቂት እንደ ሆነ የነገራቸው የለም።

በ1993 የመንግሥት ሚኒስቴሮችና የኤሌክትሪክ ኩባንያው ተስማምተው የከሰል አመድ አስተዳደር የሚባል አካል አቋቋሙ፤ ሥራውም ለአመዱ ቦታ መፈለግ፣ ጉዳቱንም ማስመርመር ነበር። በእስራኤል የአመዱ ዕድል መለወጥ የጀመረው በዚህ ነው። አመዱ በግንባታ አርማታ ውስጥ፣ በመንገድ መደልደያ፣ በእርሻም ተሞከረ፤ ከውስጡ ወደ ውኃ ሊወርድ የሚችለው መርዝ ተለካ፤ በከሰሉ የነበረው ጥቂት ራዲየም በአመዱ ውስጥ ስለሚከማች ለግንባታ ዕቃ ሁሉ የጨረር ልክ ወጣ። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር። ወደ ባሕር መጣሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ በ2000ዎቹ ከሀገሪቱ ማመንጫዎች በየዓመቱ የሚወጣው ከአንድ ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አመድ ገዢ የሚያገኝ ዕቃ ሆነ።

የአርማታው ሰው አመዱን የሚወድደው በምክንያት ነው። ሲሚንቶ ውኃ ሲያገኝ ጠንካራውን አካል እየሠራ፣ በጎን ብዙ ኖራ ያወጣል፤ ይህ ኖራ ደካማ ነው፤ ውኃም ያጥበዋል። ያ የመስተዋት ዶቃ በኖራው ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟና ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ማያያዣ ይወልዳል። ጥንካሬው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘግየት ይላል፤ ከወራት በኋላ ግን እየጨመረ ይሄዳል። ድቡልቡል ስለሆነም አርማታው በቀላሉ ይፈስሳል፤ ውኃ ይቆጥባል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ በሌላ አመድ ይሠራል፤ የሙገርና የመሰቦ ፋብሪካዎች የስምጥ ሸለቆን የእሳተ ገሞራ ፑሚስ ከክሊንከር ጋር ፈጭተው ፖዞላና ሲሚንቶ ያወጣሉ።

ከ2013 ወዲህ

በ2013 ታማር ከተባለው የባሕር ውስጥ ማዕድን፣ በ2019 መጨረሻም ከሌቪያታን የተፈጥሮ ጋዝ መፍሰስ ሲጀምር የከሰል ዘመን ማክተሚያ ታየ። መንግሥት በ2018 ከከሰል ለመውጣት ወሰነ፤ አፈጻጸሙ ከታሰበው ቢዘገይም የሚነድደው ከሰል ከዓመት ወደ ዓመት አንሶአል። ለሳንባችን ይህ መልካም ነው፤ በአሽቀሎንና በሐዴራ ለሚኖሩት ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው። ለሲሚንቶው ሰው ግን አመዱ ከከሰሉ ጋር አብሮ ሊሄድበት ነው፤ ጋዝ ጭቃ የለውምና አመድ አይተውም።

በዚህ ምክንያት የዓለም የሲሚንቶ ሊቃውንት ከከሰሉ ተለይቶ ወደ ቀረው ወደ ጭቃው ራሱ ተመልሰዋል። በስዊዘርላንድ በሎዛን ካረን ስክሪቭነር የመሩት ቡድን ከሕንድና ከኩባ ሊቃውንት ጋር ሆኖ፣ ካኦሊናይት ያለበትን ተራ ጭቃ ተኩሶ ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጋር በሲሚንቶ ውስጥ ማግባትን አጠና፤ ግማሽ ያህሉን ክሊንከር በዚህ መተካት እንደሚቻልም ተረጋገጠ። ለዚህ 1,500 ዲግሪ አያስፈልግም። እስከ ሙላይት ከተሄደ ጭቃው ሰንፎ ኖራን ማያያዝ ያቅተዋል፤ የሚፈለገው ውኃው ወጥቶ ሥርዓቱ የፈረሰበት፣ ክሪስታልም ያልጀመረበት መካከለኛ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ያለው ሙቀት፣ የወለቃ ሴቶች በእንጨትና በኩበት ይደርሱበት የነበረው ነው።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ጭቃው ብረት ስላለበት ሲተኮስ ይቀላል፤ ቤት ሠሪዎች ግን ሲሚንቶ ግራጫ ካልሆነ አይገዙም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጭቃው ከእሳቱ ሲወጣ ገና ትኩስ ሳለ አየር እየነሡት ማቀዝቀዝን ተማሩ፤ ቀይነቱም ጠፍቶ ወደ ግራጫ ተለወጠ፤ ልክ ጀበናው ገና ፍም ሳለ በገለባ ታፍኖ እንደሚጠቁር።